የጎረቤቴ አባት ዜማ በእኔ ክርን

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልናገረው። አንድ የአየርላንድ ዜማ አለ። ለጥቂት ሳምንታት ያህል ያንን ዜማ በትክክል በመሣሪያ መጫወት የሚችል በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ደግሞ አየርላንድን በቲቪ ካልሆነ አይቷት የማያውቅ የቂርቆስ ልጅ ነው። እኔ ነኝ። የተጫወትኩትም በአፍ ሳይሆን በክርን በሚነፋ መሣሪያ ነው።

ይሄን ሳወራ ሰዎች ከሁለት አንዱን ያደርጋሉ። የሚያውቁኝ "ጀመረው ደሞ" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የማያውቁኝ በጨዋ ደንብ ስልካቸውን ያወጣሉ። አልፈርድባቸውም። ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔም አላምንም ነበር።

ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ፣ ትንሽ ማውራት ባልችልበትም። ለንደን የመጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ወጣት የሆነ ሁሉ በሚታፈስበት ሰሞን ነው። ስመጣ የተማርኩት ሙያ አልነበረኝም፤ የማልችለው ሙያም አልነበረም። ክራር ማንም አላስተማረኝም፤ ሰው ሲጫወት አይቼ ቤት ገብቼ ሞከርኩት፣ እሱም እሺ አለኝ። ኪቦርድም እንደዚሁ። እንግሊዝኛም እንደዚሁ፤ ይሄኛውን የሚሰማኝ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። አሁን አውቶብስ ነጂ ነኝ። የሐበሻ ሰርግ ላይ ዋናው ኪቦርድ ተጫዋች ትራፊክ ሲይዘው እኔ እጠራለሁ፤ ሰውዬው ሲደርስ ደግሞ እድምተኛው "ይሄኛው ይቀጥል" ይላል። ሚስቴ እንዲህ ሲባል አንድም ቀን አልሰማሁም ትላለች። ሰርግ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ስለምታመልጣት ነው።

የምንኖረው አርችዌይ የሚባል የለንደን ሰፈር፣ እንደ እኛ ቀበሌ ቤት በሆነ የካውንስል ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በታች አንድ የአየርላንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ የለንደንን መሬት ሲቆፍሩ የኖሩ፣ እጃቸው አካፋ የሚያህል፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው ግራ እጃቸው እንደተጨበጠ ቀርቷል። ንግግራቸውም ተይዟል፤ ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ፊታቸው እስኪቀላ መታገል አለባቸው። ሳይቸገሩ የምትወጣላቸው ቃል አንዲት "ኖ" ነች። ከዚህች ቃል ጋር በኋላ በደንብ ተዋውቀናል።

አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ እያፏጨሁ ነበር። ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ትክ ብለው ያዩኛል።

"ሙዚቃ?" አሉኝ፣ ከብዙ ትግል በኋላ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን "አዎ፣ ትንሽ ትንሽ" ይል ነበር። እኔ "የማልጫወተው መሣሪያ ገና አልተሠራም" አልኳቸው።

ታች ልንደርስ ስንል ከዘራቸውን አነሱና በጫፉ የራሳቸውን ፎቅ ቁጥር ተጫኑ። ይዘውኝ ተመለሱ።

ቤታቸው ስንገባ ከአልጋው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን እንዳወጣ ጠቆሙኝ። ስከፍተው የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ መሰለኝ። ጥቁር ቧንቧዎች፣ የነሐስ ቁልፎች፣ የቆዳ ስልቻ፣ ደግሞ ወናፍ። አዎ ወናፍ፤ ብረት ቀጥቃጭ እሳቱን የሚያናፋበት ዓይነት፣ ግን አነስ ያለ። ኢለን ፓይፕስ ይሉታል። ወናፉን ቀኝ ክርንህ ሥር ታስረዋለህ፣ ስልቻውን ግራ ክርንህ ሥር ትወሽቀዋለህ። በቀኝ ክርንህ ነፋስ ታስገባለህ፣ በግራው እየተጫንክ ታስወጣለህ። ዜማው የሚወጣው ጫፉን ጭንህ ላይ አሳርፈህ በሁለት እጅ ከምትጫወትበት ዋሽንት መሰል ዘንግ ነው። የቀሩት ቧንቧዎች ጭንህ ላይ ተጋድመው እንደ በገና ያጉረመርማሉ። አፍህ ምንም ሥራ የለውም። አፍ ነፃ የሚተው መሣሪያ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነው ብዬ ወዲያው ወደድኩት።

ሽማግሌው ግን ይዘውኝ የወጡት ለትዕይንት አልነበረም። ስልክ ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ያነሱት አየርላንድ ያሉት እህታቸው ናቸው። እሳቸውም አሮጊት ናቸው፤ ምላሳቸው ግን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል።

"ማነህ አንተ?" አሉኝ።

"ከላይ ያለው ጎረቤት ነኝ።"

"የሚያፏጨው?"

"እንዴት አወቁ?"

"ከወንድሜ ጋር በስልክ ሳወራ ፉጨትህ በጣሪያው በኩል ይሰማኛል። ስማኝ እንግዲህ። አባታችን የሠራው አንድ ዜማ አለ። ከወንድሜ በቀር ለማንም አላስተማረውም። ካሴት ላይ የለም፣ ወረቀት ላይ የለም። ሰዎች ወንድሜን እንቅዳህ ሲሉት 'ቆይ፣ በኋላ' ሲል ኖረና እጁ ተያዘ። አሁን ያለው አፉ ውስጥ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ከእኔ ጋር ይኖራል። እስከዚያ የአንድ ሰው እጅ ውስጥ ካልገባ ዜማው አብሮት መቃብር ይገባል። እሱን እንቅልፍ የሚነሳው መሞቱ አይደለም፣ ይሄ ነው።"

እኔም እናንተ አሁን የምታስቡትን ጠየቅኳቸው። ለንደን ውስጥ ስንት አየርላንዳዊ ተጫዋች ሞልቶ የለም እንዴ?

"አንድ በጣም ጎበዝ የሆነ መጥቶ ነበር" አሉ። "በአንድ ከሰዓት ለቀም አደረገውና ቦታ ቦታው ላይ አሳመረው። ወንድሜ በከዘራ አባረረው። እሱ የሚፈልገው ዜማው እንዲያምር አይደለም፣ አባቴ እንደተጫወተው እንዲሆን ነው። አንተ ስለ እኛ ሙዚቃ ምን ታውቃለህ?"

"ምንም።"

"ጎሽ። የምታሳምርበት ነገር የለህም ማለት ነው። እየቀለድክ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንገረኝ። ሰውዬውን ባዶ ተስፋ አታስጨብጥብኝ።"

በሕይወቴ ቀልድ እንድተው የለመነኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ከልቡ የለመነኝ ግን አላስታውስም። ሽማግሌውን አየኋቸው። እሳቸው ስልኩን ሳይሆን እጆቼን ነው የሚያዩት።

"አልቀልድም" አልኩ። አፌ ግን አላስቻለውም፣ "በአንድ ወር እጨርሰዋለሁ" ብዬ ጨመርኩበት። ሴትየዋ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጊዜው ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነበር። ፋሲካ ሩቅ መስሎኝ ነበር።

በአንድ ወር ውስጥ የቻልኩት ወናፍ ማናፋት ብቻ ነው። የጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ ስመጣ ሽማግሌው ወንበር አዘጋጅተው ይጠብቁኛል። አጠገቤ ይቀመጡና ቀኝ ክርኔን በከዘራ ጫፍ መታ መታ ያደርጋሉ። አንዱ ክንድ እንደ ቀጥቃጭ ሲሠራ፣ ሌላው ሕፃን እንዳቀፈ ክንድ ሳይጠብቅም ሳይላላም መቆየት አለበት። አውቶብስ ነጂ ስለሆንኩ እጅና እግሬ በየፊናው ይሠራል ብዬ ጉራዬን ነዝቼ ነበር። ለካ ክርኖቼ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራ ፈት ነበሩ።

የሚወጣው ድምፅ ቄራ በር ላይ ተጎትቶ አልገባም ያለ በግ ነበር። የፎቁ ነዋሪ የሆነ ሰው አቤት ብሎ የሕንፃው ተቆጣጣሪ መጣ።

"እዚህ ቤት እንስሳ አለ ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል" አለ።

"ኖ" አሉ ሽማግሌው።

ሰውዬው ወጥ ቤቱንም አልጋ ሥሩንም ቼክ አደረገ። መጨረሻ ላይ አሳዝኖኝ መሣሪያውን አሳየሁትና ትንሽ ነፋሁለት። ቆም ብሎ ሰማና "በግ ቢሆን ይሻል ነበር" ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቀለል ያለ ጂግ ጀመርን። ጂግ የእነሱ መጨፈሪያ ነው፤ ምቱ ሦስት ሦስት እያለ ይጋልባል። ስሰማው ዘመዴን መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ከእኛ እስክስታ ጋር አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። "ይሄማ የእኔ ነው" አልኩና ለቀቅኩት። ችግሩ ምቱ ሲሞቅ ትከሻዬ እኔን ሳያስፈቅድ ተነሳ። ትከሻ ሲመታ ክርን ይመታል። ክርን ሲመታ ስልቻው ይጨመቃል። ስልቻው ድንገት ሲጨመቅ ደግሞ ዘንጉ ከታችኛው ድምፅ ዘሎ ላይኛው ላይ ይሰቀልና ይጮሃል። አንድ እስክስታ፣ አንድ ጩኸት። ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን ከነፊዎች ጋር ሲኖሩ እንዲህ ዓይነት በሽታ አይተው አያውቁም። እኔንም ስትሮክ የመታኝ መስሏቸው ስልክ ሊያነሱ ሲሉ ነው የደረስኩባቸው።

መሣሪያውን አውልቄ ቆምኩና ምን እንደሆነ ጨፍሬ አሳየኋቸው። ሳቁ። ከፊታቸው የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነው፤ እሱም በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጫወት ያንን አካፋ የሚያህል ቀኝ እጃቸውን ግራ ትከሻዬ ላይ ያሳርፉና ተጭነው ይይዙኛል። የለንደንን ክረምት በሙሉ የተማርኩት በዚያ እጅ ሥር ነው።

ብርዱ ሲበረታ ሌላ ጣጣ መጣ። ዘንጉ ውስጥ ድምፁን የምታወጣ ከሸምበቆ የተሠራች ቀጭን ምላስ አለች። ቤቱ በማሞቂያ ሲደርቅ እሷም ትደርቅና ታኮርፋለች። እቤት ወስጄ እንድለማመድ ሽማግሌው ስለፈቀዱልኝ ሻወሩን በሙቅ ውሃ ከፍቼ፣ እንፋሎቱ ሲሞላ ሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጬ እጫወታለሁ።

"አንተ ሰውዬ" ትላለች ሚስቴ ከበሩ ውጪ፣ "ሻወር ቤቱን ለዚህ በግ አወረስከው?"

"ትንሽ ታገሽኝ። ታሪክ እየሠራሁ ነው።"

"ታሪክህን ሳሎን ሥራ።"

"ሳሎን ትደርቃለች።"

"እኔስ? ፎጣ ይዤ ኮሪደር ላይ የቆምኩት እየደረቅኩ አይደለም?"

የአባትየውን ዜማ የጀመርነው ከፈረንጆቹ ገና በፊት ነው። አንድ ነገር ያየሁት ያኔ ነው። "ሻይ" ለማለት የሚታገሉት ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው "ዲድል ደም ዲ፣ ደም ዲድል ዲ" ማለት ሲጀምሩ ምላሳቸው ተፈታ። አንዲት ቦታ አልተደናቀፉም። ቃል ሲሆን ተዘግቶ የሚቀር በር ለዜማ ይከፈትላቸዋል። እሳቸው በአፋቸው አንዲት ጉርሻ ያህል ይሰጡኛል፣ እኔ በጣቴ እመልሳለሁ። ካበላሸሁ "ኖ"። ካልተበላሸ ዝም ብለው ቀጣዩን ጉርሻ ይሰጡኛል።

ዜማው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያውን ያዝኩ። ሁለተኛውንም፣ እሱ ጣት የሚያቆላልፍ ቢሆንም፣ ያዝኩ። ሦስተኛው እላይ ድረስ ይወጣና ደረጃ በሩጫ እንደሚወርድ ሰው ወደ ታች ይመጣል። እኔም ወረድኩ።

"ኖ።"

ቀስ ብዬ ወረድኩ። "ኖ።" አፍጥኜ ወረድኩ። "ኖ።" ትከሻዬን በቀበቶ ከወንበሩ ጋር አስሬ ወረድኩ። "ኖ።" ምኑ እንደተበላሸ እንዲነግሩኝ ቃል የላቸውም፤ እንደገና በአፋቸው ይሉልኛል፤ ለእኔ ጆሮ ያው ነው። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። ሁዳዴ ገባ፣ ተጋመሰ። አንድ ቀን እንደገና ስወርድ "ኖ" እንኳ አላሉኝም። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱና ወደ መስኮቱ ዞረው ቀሩ። ሳጥኑን ዘግቼ ወጣሁ።

እቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ለረጅም ጊዜ ምንም ሳልናገር ስቀር ደነገጠች።

"ታመምክ እንዴ?"

"ሦስተኛው ክፍል እምቢ አለኝ። ልክ እንደ እሳቸው ነው የምጫወተው። እሳቸው ግን አይደለም ይላሉ።"

"እስቲ አሰማኝ።"

ሽማግሌው ሲያዜሙ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ከፈትኩላት፣ ቀጥዬ እኔ አፏጨሁላት። ሚስቴ በሙዚቃ በኩል ከእሷ ብዙ የማይጠበቅ ሰው ናት ብዬ በየቦታው አውርቻለሁ።

"ድገመው" አለች። ደገምኩት። "እሳቸው ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ ነው የሚወርዱት። አንተ አንዱን ትዘላለህ።"

"የቱን?"

"እኔ ምን አውቄ። ግን ትዘላለህ። ሁልጊዜ ነው የምትዘለው። ለልጆቹ ልደት ስትዘፍን እንኳ ዘፈኑን ወደ ትዝታ ቅኝት ነው የምትወስደው። እንግዳው ሁሉ መሃል ላይ የሚጠፋው ለምን መሰለህ?"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሃለሁ። እያወራህ ነበር።"

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኔ ያደግኩት በክራር ነው፤ የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፣ ሌላው እንግዳ ነው። ጆሮዬ እንግዳውን ሲያይ፣ ሰው ያልቆመበት ፌርማታ እንዳየ አውቶብስ ነጂ ዝም ብሎ ያልፋል። ለካ ሰው ቆሞበት ኖሯል። ያ ጎበዝ አየርላንዳዊ ስላሳመረው ተባረረ። እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ ዜማውን ሐበሻ ሳደርገው ነበር።

በማግስቱ ወረድኩና ሦስተኛውን ክፍል አንዲት አንዲት ድምፅ እያቆምኩ ተጫወትኩላቸው። "እዚህ ጋ ነው?" "ኖ።" "እዚህ?" ዝም አሉ። ከዚያ ተነሱና በደህናው እጃቸው የግራ እጄን ጣት ያዙ፤ ከቀዳዳው ላይ ሙሉ በሙሉ አላነሷትም፣ ገለል አደረጓት እንጂ፣ ግማሹ ክፍት ግማሹ ዝግ። የወጣው ድምፅ ይኸኛውም አይደለ ያኛውም አይደለ፣ በሁለት ድምፅ መሃል የተንጠለጠለ ነገር ነው። ለእኔ ጆሮ የተበላሸ ነው። የእሳቸው ፊት ግን፣ የሚሠራው ግማሹ፣ በራ።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ጣትን ማሳመን ሌላ ነው። ሩጫው ላይ አንዴ ትረግጠዋለች፣ አንዴ ታልፈዋለች። ስታልፈው ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዬ ብድግ ያደርጋሉ። እንደገና እጀምራለሁ። እስከ ፋሲካ እጃቸውን እያየሁ ነው የተጫወትኩት።

እህትየው ከፋሲካ በኋላ እንዳሉት መጡ። ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ናቸው። በመጡ በጥቂት ቀን ውስጥ የወንድማቸውን ቤት በካርቶን ሞሉት። ዜማውን እቤት ልጫወትላቸው ስል እምቢ አሉ።

"እቤትማ ሁሉም ይችላል" አሉኝ። "እሑድ ከሰዓት፣ እሱ ድሮ የሚጫወትበት ፐብ፣ ሰው መሃል። ሰኞ ጠዋት በረራ አለን። እኔ መሣሪያ ነክቼ አላውቅም፣ ሴት ልጅ አያስነኩንም ነበር። ግን ያንን ዜማ ልጅነቴን ሙሉ በወጥ ቤት ግድግዳ በኩል ሰምቼዋለሁ። ከሆነ ሆነ እልሃለሁ። ካልሆነም አልደብቅህም።"

ሌላ ቀን የለም ማለት ነው።

እሑድ ሚስቴን ይዤ ሄድኩ። ከብሪክስተን ደግሞ ጓደኛዬ መጣ፣ ሚኒካብ፣ ታክሲ መሆኑ ነው፣ የሚነዳው። እኔ በመጣሁበት ሰሞን የመጣ፣ በእኔ መሳቅን እንደ ሥራ የያዘ ሰው ነው። ክረምቱን ሙሉ ጉራ ስነዛበት ስለከረምኩ አለመጥራት አልቻልኩም።

"ፐብ ውስጥ በግ ልታሰማ ነው አሉ" አለኝ በር ላይ።

"ዛሬ ታያለህ።"

"አይ፣ እኔ የመጣሁት ሲያባርሩህ በመኪና ላደርስህ ነው።"

ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ዙሪያውን ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን ይዘው ተቀምጠዋል። ሕጋቸውን ሽማግሌው በፊት ወስደው አሳይተውኛል። የማታውቀውን ዜማ አትነካም፤ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ ትሰማለህ። አንድ ሰው ብቻውን ሲጫወት ደግሞ ማንም አያጨበጭብ፣ ማንም አያወራ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ክብራቸው ዝምታ ነው። ይሄን ለሚስቴ ነገርኳት። ጓደኛዬ መጠጥ ሊያዝ ስለሄደ ለእሱ አልነገርኩትም።

ሽማግሌው ከእህታቸው ጋር ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ቀኝ እጃቸው ከዘራው ላይ ነው። እጁ ከተነሳ አበላሽቻለሁ ማለት ነው። ቫዮሊን የምትጫወተው ሴትዮ፣ ጠረጴዛውን የምትመራው እሷ ናት፣ ወደ እኔ አገጯን ነቀነቀች። ፐቡ ጸጥ አለ። ወናፌን አናፋሁና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ክፍል አለፈ። ሁለተኛው ውስጥ ገባሁ። ላቤ ይወርዳል። ሁሉም አንገቱን ደፍቷል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ከኋላዬ የተቀመጠው ጓደኛዬ ይሄንን አየ። በእኛ አገር አንድ ሰው ላቡ ጠብ እስኪል ሲጫወት አንድም ሰው "በለው" የማይለው መቼ ነው? ሲጠላ ነው። ጓደኛዬ ወዳጁ ሰው ፊት ሲዋረድ ዝም ብሎ አያይም። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። በዚያ ጸጥታ መሃል ተራምዶ መጣና አንዲት አምስት ፓውንድ ግንባሬ ላይ ለጠፈልኝ።

"አይዞህ ወንድሜ፣ አለሁልህ" አለኝ በጆሮዬ፣ በአማርኛ።

ብሯ በላቤ ተንሸራታ ሁለቱም ዓይኖቼ ላይ ቆመች።

እስቲ አስቡት። ቀኝ እጄ ተይዟል፣ ግራ እጄ ተይዟል። ቀኝ ክርኔ ወናፍ ላይ፣ ግራው ስልቻ ላይ ነው። ጉልበቴን ካነቃነቅኩ ዘንጉ ይከፈታል። ነፃ ያለው አፌ ብቻ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከስንት ጣጣ ያወጣኝ አፍ። የታችኛውን ከንፈሬን አውጥቼ ወደ ላይ "እፍ" አልኩ። ብሯ ከፍ ብላ ተመልሳ ተለጠፈች። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ደረሰ። የሽማግሌው እጅ ይነሳ አይነሳ ማየት አልችልም።

ወጣሁ። ትከሻዬ ሊነሳ ሲል ተሰማኝ፤ የሚጭነው ሰው ስለሌለ እኔው ጨቆንኩት። ከዚያ መውረድ ጀመርኩ፣ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ እየቆምኩ፣ ማንም ይቁም ማንም አይቁም። ጣቴን ገለል አደረግኳት። ያቺ የተንጠለጠለች ድምፅ ወጣች፣ ወይ የወጣች መሰለኝ። ለማንኛውም ታች ደረስኩ። ዜማው ደግሞ አንዴ ተጫውተህ የምታቆመው አይደለም፣ ይዞራል። ጨለማ ውስጥ እንዳለሁ ከላይ ጀመርኩት። ሁለተኛው ዙር መሃል ላይ በአንድ ትልቅ እፍታ ብሯ ተላቃ ጭኔ ላይ ወደቀች።

ሽማግሌውን አየሁ። እሳቸው እኔን አያዩም።

ስንት ወር ሙሉ ዓይናቸውን ከጣቶቼ ላይ ነቅለው የማያውቁት ሰው ወደ ጎን ዞረዋል። እጃቸው ከዘራው ላይ የለም። ቢራቸውን ለማግኘት ጠረጴዛው ላይ ይዳብሳሉ። አገኙት፣ ጠጡ፣ የከንፈራቸውን አረፋ ጠረጉ፣ አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ የሆነ ነገር ለመጠየቅ ትግል ጀመሩ። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ልቀየም ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ገባኝ። አውቶብሱ ደህና ሲሄድ ሾፌሩን የሚያይ ተሳፋሪ የለም። ሽማግሌው ያንን ዜማ ስትሮክ ከመታቸው ቀን ጀምሮ ሌት ተቀን ሲጠብቁት ነበር፤ አሁን አስቀምጠውት ቢራቸውን ይጠጣሉ። ሰው ሳይሰማኝ ቀርቶ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ዙር ላይ ቫዮሊኗ ገባች። ሴትዮዋ መሬት መሬት እያየች ለቅማው ኖሯል። መጀመሪያ እየፈራች ከሥር ከሥር መጣች፣ ከዚያ ጎን ለጎን ሄድን። ዋሽንቱም መጨረሻው አካባቢ ደረሰብን። ከዚያ በኋላ እኔ እዚያው በልብ ድካም ብሞት እንኳ ዜማው አይሞትም ነበር።

ስንጨርስ ወደ እህትየው ዞርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ገለጡትና፣

"ሦስተኛው ክፍል ላይ አባቴ ፈጠን ይል ነበር" አሉ። "አንተ አዘገየኸው።"

"ዜማውስ? እሱ ነው?"

"እሱ ነው። ወጥ ቤት የቆምኩ ነው የመሰለኝ።" አፍንጫቸውን ጠረጉ። ከዚያ ከጭኔ ላይ ብሯን አንስተው "ይሄስ ምንድን ነው?" አሉ።

ጓደኛዬ ተነስቶ እየተሽኮረመመ አስረዳ። "በእኛ አገር ሰው ጥሩ ሲጫወት እንዲህ ይደረጋል። እዚህ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲያኮርፍበት ጊዜ አንጀቴን በላው።"

ጠረጴዛው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እህትየው ግን አልሳቁም፣ ነገሩን በቁም ነገር ነው የወሰዱት። ብሯን በምላሳቸው ነካ አደረጉና ወንድማቸው ግንባር ላይ ለጠፏት።

"ታዲያ ያስተማረው ማነው?" አሉ።

ሽማግሌው አምስት ፓውንድ ግንባራቸው ላይ እንደተለጠፈ ቢራቸውን ጨረሱ። አላነሷትም።

የወናፉን ቀበቶ ስፈታ ጎድኖቼ በየቦታቸው ሲመለሱ ተሰማኝ። ሚስቴ ፎጣ አቀበለችኝና "አልዘለልክም" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም፣ እኔም ለአንድ ጊዜ ከዚያ በላይ አልፈለግኩም። ሰኞ ጠዋት ጓደኛዬ ሁለቱን በመኪናው ኤርፖርት አደረሳቸው። ሽማግሌው ሙሉ መንገዱን ተኝተው ነው የሄዱት አለኝ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እንደ ሕፃን።

አሁን ያንን ዜማ የዚያ የአርችዌይ ፐብ የጥግ ጠረጴዛ በሙሉ ይጫወተዋል። እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እሑድ ከሰዓት ሂዱና ቫዮሊን የምትጫወተውን ሴትዮ ከማን እንደለቀመችው ጠይቋት። እህትየውን ጠይቁ፤ አዘገየው ካሉ እሱን አትስሟቸው። ሚስቴን ጠይቋት፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ብላ ዋሽታ አታውቅም። ብሪክስተን ጣቢያ በር ላይ ደግሞ ጓደኛዬን ታገኙታላችሁ። ዜማውን ያዳነችው የእሱ አምስት ፓውንድ እንደሆነች ይነግራችኋል። እሷን እየቀነሳችሁ የቀረውን ስሙት። ሂዱ፣ ጠይቁ።